የሐዘንተኞች መደርደሪያ

እኔን ጡረታ ያወጣኝ ፍላሽ ነው። መንግሥት ቢሆን ኖሮ ደብዳቤ ይጽፍልኝ፣ መሸኛ ያዘጋጅልኝ፣ ጋቢም ያለብሰኝ ነበር። ፍላሽ ግን እንዲህ ያለ ወግ አያውቅም። ልጄ ሜሮን የክረምት ዕረፍቷን ሙሉ ሱቄ ውስጥ ተቀምጣ ካሴቶቼን አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር ስትገለብጥ ከረመች። በመጨረሻ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ነገር መዳፌ ላይ አኖረችና «አባዬ፣ ይኸው ሱቅህ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀመጥ አልሆነልኝም።

ቤት ስሆን ሱቅ እሄዳለሁ፤ ሱቅ ስደርስ ደግሞ ምን ልሠራ እንደመጣሁ ይጠፋኛል። ባለቤቴ «ወይ ግባ ወይ ውጣ፣ በበሩ ብርድ አስገባህብን» ትለኛለች። የሱቁ አከራይ በበኩሉ ቤቱን ለሞባይል ጠጋኝ ሊሰጠው ተስማምቶ፣ ወሩ ሲያልቅ ቁልፉን እንዳስረክብ ነግሮኛል። ክፉ ሰው አይደለም። ካሴት የሚገዛ ሰው ከመጣ ዓመታት እንዳለፉ እሱም እኔም እናውቃለን።

የራሴን ካሴቶች መሸኘቱ ያን ያህል አላስቸገረኝም። በዩኒቨርሲቲው መንገድ አዲስ ካፌ የከፈተ ጎልማሳ መጥቶ ሁሉንም ጠርጎ ወሰዳቸው። ሊያዳምጣቸው መስሎኝ ስለ አያያዛቸው ሳስረዳው ብዙ ደከምኩ። በሳምንቱ ማኪያቶ ልጠጣ ብገባ ግድግዳው ላይ በማጣበቂያ ለጥፏቸዋል፤ ለጌጥ ነው። ተማሪዎች አጠገባቸው ቆመው ፎቶ ይነሳሉ። አንዱ ተዘቅዝቆ ስለተለጠፈ ማኪያቶዬን ትቼ ላቃናው ስታገል አስተናጋጇ «ጋሼ፣ አይነካም» አለችኝ። ተናደድኩ፣ ከዚያ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ።

እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። ከሱቁ በስተጀርባ፣ ከመጋረጃ ኋላ፣ የእኔ ያልሆኑ ካሴቶች የሚቀመጡበት አንድ መደርደሪያ አለ። የሐዘንተኞች መደርደሪያ እንለዋለን። እሱን ባዶ ሳላደርግ ቁልፉን ማስረከብ አልችልም፤ የሰው አደራ ነው። አብዛኛውን በየቤቱ እየዞርኩ መልሻለሁ። የቀረኝ አንድ ቋጠሮ ነበር፤ የእትዬ አበበች ልጅ የብርሃኑ ካሴቶች። እሱን ለመመለስ ለምን እንደፈራሁ እንዲገባችሁ መደርደሪያው እንዴት እንደመጣ ልናገር።

ሱቁን የከፈተው ጋሽ ሸምሱ ነው። ከመሃል አገር መጥቶ እዚህ ቦንጋ የከተመ ነጋዴ ነበር፤ ሳሙና፣ ባትሪ ድንጋይና ላምባ ሲሸጥ ቆይቶ፣ ሰው ቴፕ መግዛት ሲጀምር ካሴት ጨመረ። የአገሩን ቋንቋ ካፊኖኖን ከገበሬዎቹ ተምሮ እዚሁ ከተወለድኩት ከእኔ በላይ ይከራከርበት ነበር። ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ፈትቼ ስንገላወድ አገኘኝና «ጆሮ አለህ?» ብሎ ጠየቀኝ። «አለኝ» አልኩ። «እኔ የለኝም። እንግዲህ አንተ ትሰማለህ፣ እኔ እሸጣለሁ» አለኝና በዚያው ተቀጠርኩ። እውነቱን ነው፤ ጋሽ ሸምሱ ሙዚቃ አይሰማም ነበር። የካሴት አያያዝ እንደ እሱ የሚያውቅ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላየሁም።

ካሴት ሲመጣለት መጀመሪያ ያሸተዋል። ቦንጋ የዝናብ አገር ስለሆነች ሻጋታ ከዓይን በፊት ለአፍንጫ ይደርሳል። ሽታውን ካልወደደው ለብቻው ያስቀምጠዋል፤ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቅለውም። ክሩን በጣቱ ነክቶት አያውቅም። የላላውን እስክሪብቶ ሰክቶ እያዞረ ሲያጠብቅ ትንፋሹን ይይዛል። በየመደርደሪያው ጥግ እርጥበት እንዲጠጣ ከሰል በወረቀት ጠቅልሎ ያስቀምጣል። ከሥር ደግሞ ትንሽ አምፖል ቀንና ሌሊት ይበራል፤ ሙቀቱ ካሴቶቹን ያደርቃቸዋል። ቆጣሪ አንባቢው በመጣ ቁጥር ስነጫነጭበት «መብራት ለሰው ብቻ ነው ያለህ ማነው?» ይለኝ ነበር።

የሐዘንተኞች መደርደሪያም የእሱ ሐሳብ ነው። በእኛ ከተማ ለቅሶ የገባበት ቤት ሙዚቃ አይከፈትም፤ ጎረቤትም ቢሆን ድምፁን ይቀንሳል። አንድ ጊዜ አባቱ የሞተበት ደንበኛችን መጥቶ፣ ሕፃናቱ ረስተው ቴፑን ሲከፍቱበት ለቅሶ ደራሽ ፊት እንዴት እንዳፈረ ነገረን። ጋሽ ሸምሱ «አምጣቸው፤ ሐዘንህ እስኪወጣ እኔ ጋ ይቀመጡ» አለው። ሰውዬው ካሴቶቹን በሻሽ ቋጥሮ አመጣቸው። ወሬው ተሰማና ሌላውም ማምጣት ጀመረ። ቀስ በቀስ ልማድ ሆነ፤ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል አለ፣ ወንበር የሚያመጣ አለ፣ ካሴቶቹን ቋጥሮ እኛ ጋ የሚያደርስ ደግሞ አንድ ዘመድ አለ።

ሕጉ ጥብቅ ነበር። የሐዘንተኛ ካሴት አይከፈትም፣ አይቀዳም፣ አይሸጥም። ወደ ኋላም አይጠነጠንም፤ ያቆመበት ላይ እንዳለ ይቆያል። ሐዘኑ ሲወጣ ባለቤቱ ራሱ ይመጣል። እኛም ከካሴቶቹ አንዱን ቴፕ ውስጥ ከትተን አንድ ዘፈን እናሰማዋለን፤ ቆሞ ይሰማል። ሲያልቅ «ሐዘን አይድገም» እንለዋለን፣ እሱም «አሜን» ብሎ ቋጠሮውን ይዞ ይሄዳል። ጋሽ ሸምሱ ሙዚቃ የሚሰማው ያኔ ብቻ ነበር፤ ቆቡን ያስተካክልና ከደንበኛው ጎን ይቆማል። አንዳንዱ ሰው በዚያች አንድ ዘፈን መሃል ድንኳን ውስጥ ያላለቀሰውን ያለቅሳል። እኛ እንዳላየን ሆነን ባትሪ ድንጋይ እንደረድራለን።

መሃል ላይ ሱቁን ትቼ ሄጄ ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት የድምፅ ባለሙያ ሲፈልግ ተወዳድሬ ገባሁ፤ ደመወዝ አለ፣ ወንበር አለ፣ ማኅተም ያለበት መታወቂያ አለ። ሥራዬ ጣሪያው ላይ ድምፅ ማጉያ የተጫነ መኪና ይዞ በየወረዳው መዞር ነበር። አለቃዬ «ሪፖርት» ከአፉ የማይጠፋ ደግ ሰው ነው። ማይክራፎን ሲይዝ ግን «ሃሎ፣ ሃሎ፣ ቼክ» በማለት ግማሹን ስብሰባ ይጨርሰዋል። ሕዝቡ በእኔ ሙዚቃ ይሰበሰባል፣ በእሱ ንግግር ይበተናል። ሙዚቃ ከፍቼ ገና ሰው ሲሞቅ ዝጋ መባሉን አልቻልኩትምና ለቅቄ ተመለስኩ። ጋሽ ሸምሱ የቦታዬን ወንበር ጠረግ አደረገልኝ።

ጉልበቱ ሲደክም ወደ ልጆቹ ሊሄድ ሱቁን አስረከበኝ። ያን ቀን ከመጋረጃው ኋላ ይዞኝ ገባና ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ እየዳሰሰ የማን እንደሆኑ ነገረኝ። ሻሹን አይቶ፣ አስተሳሰሩን ነክቶ ያውቃቸዋል። «ሱቁን ብትፈልግ ሽጠው። ይቺን ግን አልሸጥኩልህም፤ አንተም አትሸጣትም» አለኝ።

በሥራ ዘመኔ አንድ ጊዜ ክፉኛ ወድቄያለሁ። በአንድ ከባድ ክረምት መብራት ለሳምንታት ጠፋ፤ አምፖሉም አብሮ ጠፋ። ከሰሉን በየቀኑ ብለውጥም ዝናቡ አላቋርጥ አለ። አንድ ጠዋት መጋረጃውን ስገልጥ ሽታው ተቀበለኝ። የሺሺንዳው የገብሬ ካሴት በመስኮቷ በኩል ክሩ ላይ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሎ ይታያል። ገብሬ አባቱ ሞተውበት ነበር። አባቱ ሠርግ ላይ የሚዘፍኑ ሰው ነበሩና በዚያ ካሴት የተቀዳው የራሳቸው ድምፅ ነው። ሌላ ቅጂ አልነበረውም። ሕጉ ስለሚከለክል እኛም አልቀዳነውም።

ካሴቱን በካቻቢቴ ፈታሁት። ጥጥ አልኮል ነክሬ ክሩን ቀስ እያልኩ ማበስ ጀመርኩ። በዚህ መንገድ ያዳንኳቸው ብዙ ነበሩና እጄ አልፈራም። ይሄኛው ግን ርካሽ ክር ነው፣ እርጥበቱም ውስጡ ገብቷል። ጥጡን ሳነሳው ቡናማ ሆኗል። ሻጋታው ነው ብዬ ቀጠልኩ። ክሩን ወደ ብርሃን ከፍ ባደርገው ማዶው ይታየኛል፤ ድምፁን የያዘው ልባስ ተልጦ ጥጡ ላይ ቀርቷል። እዚያው ወንበሬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ገብሬ እስኪመጣ አልጠበቅኩም፤ ሺሺንዳ ድረስ ሄጄ ገበያ መሃል ነገርኩት። ተናግሬ ስጨርስ «ጥጡስ?» አለኝ።

«ምን?»

«የጠረግክበት ጥጥ የት አለ? ድምፁ እሱ ላይ ቀረ አላልከኝም?»

ጥጡ በላስቲክ ተጠቅልሎ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ለምን እንደያዝኩት አላውቅም። ሰጠሁት። በመሐረቡ ቋጠረና የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ከዚያ በኋላም ደንበኛዬ ሆኖ ቆየ፤ ስለዚያ ቀን ግን አንስተን አናውቅም። ለጋሽ ሸምሱ ስልክ ደውዬ ስነግረው «ለሁለተኛው በደረቅ ጥጥ ጀምር» አለኝ።

እንግዲህ በዚህ ዓመት ነው ቋጠሮዎቹን ተሸክሜ መዞር የጀመርኩት። ያላየሁት የለም። አንዱ የባንክ ሠራተኛ ካሴቱን አገላብጦ «ጋሼ፣ ብሉቱዝ የለውም?» አለኝ። አንዲት ሴት ደግሞ ባሏ ሲሞት ያስቀመጠቻቸውን ካሴቶች አይታ ሳቋን መያዝ አቃታት። «እኔ እኮ እነዚህን ዘፈኖች ጠልቻቸው ነው ያልመጣሁት። እሱ በሕይወት እያለ እንዴት ልንገረው?» አለች። ከዚያ ተቀበለችኝና ለረጅም ጊዜ ደረቷ ላይ ይዛቸው ቆመች። ማጫወቻ ያለው ቤት ግን አንድም አላገኘሁም። ወይ ተሰብሯል፣ ወይ ለልጆች መጫወቻ ሆኗል። ስለዚህ ዘፈኑን ማሰማት ቀርቶ «ሐዘን አይድገም» ብቻ እያልኩ ወጣሁ።

የብርሃኑ ግን ሌላ ነገር ነው። ብርሃኑ የእትዬ አበበች አንድ ልጃቸው ነው። ያን ጊዜ ቦንጋ ይኖሩ ነበር፤ ልጁ ጭፈራ የሚወድ፣ ድምፅ ከፍ አድርጎ ሰፈር የሚያስቀይም ደንበኛዬ ነበር። ከጓደኞቹ ጋር በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ሊሄድ ወጣ። ወራት ቆይቶ አብሮት ከወጡት አንዱ ደውሎ «መንገድ ላይ ቀረ» አለ። ሬሳውን ያየ ግን የለም። የእትዬ አበበች ታናሽ ወንድም አስራት ድንኳን ተክሎ ለቅሶ ተቀመጠ። እሳቸው ድንኳኑ ውስጥ አልገቡም፤ ጥቁርም አልለበሱም። ለቅሶ ደራሽ ሲመጣና ሲሄድ ጓሯቸውን ሲኮተኩቱ ዋሉ። አስራት የልጁን ካሴቶች በነጠላ ቁራጭ ቋጥሮ አመጣልኝ፤ እኔም ተቀብዬ መደርደሪያው ላይ አኖርኳቸው። እትዬ አበበች የሰው ዓይን ሲሰለቻቸው ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ደካ ሄዱ። ቋጠሮውን ሊወስድ የመጣ ሰው አልነበረም።

የሐዘንተኛ ካሴት ተመለሰ ማለት ሐዘኑ ወጣ ማለት ነው። ቋጠሮውን ይዤ እትዬ አበበች ደጅ ብቆም፣ ልጅዎ ሞቷል፣ ሐዘንዎም አልቋል ብዬ መናገሬ ነው። ባልሄድ ደግሞ የሰው አደራ ለሞባይል ጠጋኝ ጥዬ መውጣቴ ነው። በዚህ መሃል ከቤት ሱቅ ስመላለስ ጫማዬን ጨረስኩ። ሜሮን «አባዬ፣ ገልብጠን በቴሌግራም ብንልክላቸውስ?» አለች። ክፋት የላትም።

«አይከፈትም» አልኳት።

«ማን ያያል?»

ኮቴን አንስቼ ወጣሁ።

መጀመሪያ አስራት ጋ ሄድኩ፤ ያስቀመጠ እሱ ነውና እሱ ይረከበኝ ብዬ። ቋጠሮውን ሲያይ እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ።

«አልረከብም ጋሽ ደምሴ። ድንኳን በመትከሌ እህቴ እስከ ዛሬ አታናግረኝም። ቀበርከው ነው የምትለኝ። አሁን ደግሞ ሐዘኑን አወጣህ ልትለኝ ነው?»

«ታዲያ ምን ላድርገው አስራት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ሰው ሞተ ሲባል ለቅሶ ይቀመጣል፤ ሌላ አላውቅም።» ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ከሄዱ ግን፣ አስራት እንደምን ነሽ ብሎሻል ይበሉልኝ።»

በማግስቱ የደካ ሚኒባስ ተሳፈርኩ፤ ቋጠሮውን ጭኔ ላይ፣ የመሣሪያ ቦርሳዬን እግሬ ሥር አድርጌ። ሹፌሩ ፍላሽ ሰክቷል። አንዱን ዘፈን ይጀምርና ገና መግቢያው ሳያልቅ ያልፈዋል፤ ሌላውን ይጀምርና እሱንም ያልፈዋል። «ወንድሜ፣ አንዱን እንኳ ጨርሰው» ስለው «ጋሼ፣ ገና ሺህ ዘፈን አለ» አለኝ። መንገዱ ጭቃ ስለነበር ወርደን ገፋን። እየገፋሁ የምናገረውን እለማመዳለሁ፤ ያሰብኩት ሁሉ ለእናት ጆሮ የማይሆን ነበር። ልመለስ ብዬም አስቤያለሁ፤ ግን የሚመለስ መኪና አልነበረም።

የእትዬ አበበች ቤት ከመንገዱ ከፍ ብሎ እንሰት መሃል ነው። ደጃፋቸው ሰሌን ላይ ኮረሪማ አስጥተው ያገላብጣሉ። ቀና ብለው እኔን አዩ፣ ከዚያ ቋጠሮውን።

«ጋሽ ደምሴ። ያ የአስራት ነጠላ ነው።»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ምን ሊሆን መጣ?»

የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋኝ። «ሱቁን ልዘጋ ነው። የሰው ዕቃ ይዤ መዝጋት አልቻልኩም። ሌላ ነገር ልነግርዎ አልመጣሁም።»

«እኔ አላስቀመጥኩም» አሉ። «እሱ ለሐዘን ብሎ ነው ያስቀመጠው። እኔ ሐዘን የለብኝም። ልጄ መንገድ ላይ ነው።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«አያውቁም። ተቀብለውት የለም እንዴ?»

ተቀብያለሁ። ቋጠሮውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ጥቂት ኮረሪማ አገላበጡ፣ በካፊኖኖ ለራሳቸው የሆነ ነገር አጉረመረሙ፣ ከዚያ ተነስተው እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉና «ይግቡ» አሉኝ።

ጠረጴዛው ላይ፣ በዳንቴል ተሸፍኖ፣ ቴፕ አለ።

«ሬዲዮ እሰማበታለሁ። በካሴቱ በኩል ይሥራ አይሥራ አላውቅም። ሲመጣ ይፈልገዋል» አሉ።

ሥራ ሲገኝ እጄ ይረጋል። ከፈትኩት። ካሴቱን የሚያዞረው ቺንጋ አርጅቶ ቀልጧል፤ ጠርጌ ከቦርሳዬ ሌላ ገጠምኩለት። ክሩን የሚያነብበውን ብረት አጸዳሁ። ቋጠሮውን እሳቸው ፈቱት። ካሴቶቹን አንድ በአንድ አሸተትኳቸው፤ ደህና ናቸው። ከላይ ያለውን አንስተው ሰጡኝ። ከትቼ ተጫንኩት። ዘፈኑ ከመሃል፣ ከቃል እኩሌታ ላይ ጀመረ፤ የጭፈራ ዘፈን ነው። እትዬ አበበች የወንበሩን መደገፊያ ያዙ።

«እዚህ ላይ ነው የዘጋሁበት» አሉ።

«ምን አሉኝ?»

«ሊሄድ ዋዜማው ነበር። ድምፁን ቀንስ ስለው አልሰማኝም። መጥቼ ዘጋሁበት። ሳቀብኝና ወጣ።»

ዘፈኑ እስኪያልቅ ቆመን ሰማን። ሲያልቅ አፌ በልማዱ ሊናገር ተከፈተ፤ የመጀመሪያው ቃል ጥርሴ ላይ ደርሶ መለስኩት። እሳቸው ግን አዩኝ።

«ለሰው ሁሉ የሚሉት ነገር አለ ሲባል እሰማ ነበር።»

«አለ። ለእርስዎ ግን አይሆንም።»

«አይሆንም» አሉ እሳቸውም።

ቀጣዩ ዘፈን ሲጀምር ላቆመው እጄን ዘረጋሁ፤ የእኛ ልማድ አንድ ብቻ ነው። እጄን ያዙት። «ይተዉት» አሉና ድምፁን ራሳቸው ከፍ አደረጉት፤ ቆርቆሮው እስኪርገበገብ ድረስ። ጆሯቸው አጠገብ ሄጄ «አስራት እንደምን ነሽ ብሎዎታል» አልኩ። እሳቸውም «ደህና ናት ይበሉት» አሉ። ቀጥለውም መኪና እንዳያመልጠኝ ብለው እስከ በር ሸኙኝ።

መንገዱ ዳር ቆሜ ሚኒባስ ስጠብቅ ሙዚቃው ከላይ ይሰማኛል። የጎረቤት ሰው በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ወደ ቤቱ ያያል። ሚኒባሱ ደርሶ በሩ ሲከፈት፣ ሙዚቃው ዝም አለ። የካሴቱ አንድ ገጽ አልቋል። ረዳቱ «ቦንጋ፣ ቦንጋ፤ አባት፣ ይግቡ» ይለኛል። አንድ እግሬን አስገብቼ ቆምኩ። ካሴት ራሱን አይገለብጥም፤ ሰው ተነስቶ መክፈት፣ ማውጣት፣ ማዞር አለበት። እዚያ ላይ ሲደርስ የሚተወው ሰው ብዙ ነው።

«አባት፣ እንሂድ እንጂ» አለ ረዳቱ።

«ቆይ» አልኩት።

«ሰው ይጠብቃሉ?»

ተሳፋሪዎቹ ማጉረምረም ጀመሩ፤ ሹፌሩ ጡሩንባ ነፋ። ከዚያ ከላይ፣ ከእንሰቱ መሃል፣ ሁለተኛው ገጽ ጀመረ።

«አሁን እንሂድ» አልኩት።